የረድፉ ክንድ

ሰኞ 3

ይህን ደብተር የገዛሁት የደንበኛ ትዕዛዝ ልጽፍበት ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ግን ለሌላ ሥራ ነው የሚውለው። ጎረቤቴ ጡሩምባ «አንቺ እኮ ሁለት ቀን ትንጨረጨሪና ትተዪዋለሽ» አለችኝ። (ጡሩምባ የምንላት ሱቋ ውስጥ ሆና ስታስነጥስ የረድፉ መጨረሻ ድረስ ስለሚሰማ ነው።) አልተውም። እንዳልተው ብዬ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የገበያው ሹም ሁለት ዘበኛና አንዲት ሴት አስከትሎ ወደ እኛ ወደ ጨርቅ ሻጮች ረድፍ መጣ። መነጽሩን ጠራረገና ወረቀት አነበበ። ከዚህ ወር አጋማሽ ጀምሮ ጨርቅ በክንድ መሸጥ ክልክል ነው። በሜትር ብቻ። እምቢ ያለ ሱቁ ይታሸጋል።

ሴትዮዋን መጀመሪያ ልብ አላልኳትም። ደረቷ ላይ መታወቂያ አንጠልጥላለች፣ በእጇ ጫፍና ጫፉ ናስ የለበሰ የእንጨት ሜትር ይዛለች። «የልኬት ተቆጣጣሪያችን ናት» አለ ሹሙ። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። አጭሬ! ጉድ በል፣ ያቺው አጭሬ!

ከስምንት ዓመት በፊት ሱቄ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ክንዷ አጭር ስለሆነ ገዢ አይወዳትም፤ «እባክሽ ሌላ ሰው ይለካልኝ» ይሏታል። እኔም አጭሬ አልኳት፣ ስሙ በዚያው ቀረ። አንድ ቀን እሷ የለካችውን ጨርቅ በክንዴ ደግሜ ብለካው በየአስሩ ክንድ ግማሽ ክንድ ትርፍ ሆኖ አገኘሁት። የእኔን ጨርቅ ለዘመዶቿ ታድላለች ማለት ነው! ረድፉ ሁሉ እየሰማ ሌባ ብዬ አባረርኳት። ከዚያ ወዲያ በዚህ ገበያ የሚቀጥራት አልተገኘም። አይቆጨኝም።

የእኛ አሠራር የታወቀ ነው። አንድ ክንድ ማለት ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ነው። የሰው ክንድ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ገዢና ሻጭ በዚህ ሲነታረኩ «በረድፉ ክንድ!» ይላሉ። የረድፉ ክንድ እኔ ነኝ። እጠራለሁ፣ እለካለሁ፣ ክርክሩ ያልቃል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አርባ ሻጭ ተሰልፎ ነው የእኔ የተመረጠው። በረድፉ መግቢያ ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ክንዴን አስተኝተው፣ ድንጋይ ጠራቢው አንድ ጭረት በክርኔ ሥር፣ አንድ ጭረት በጣቴ ጫፍ ቆረጠ። አሁን የጡሩምባ ጥቅሎች ተከምረውበት አይታይም እንጂ እዚያው ነው።

እንግዲህ አጭሬ ዓይኗን በጨው አጥባ ፊቴ ቆመችና «እንደምን ነዎት እትዬ» አለችኝ። ቀጥላም «ልዩነቱን ለሰው እንዳሳይ ክንድዎን ይዘርጉልኝ፣ በሜትር ልለካው» አለች።

«ክንዴን? ላንቺ? መጀመሪያ የራስሽን አስረዝመሽ ነይ!»

ረድፉ በሳቅ ፈነዳ። አጭሬ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ጠጋ ብላ ቀስ ባለ ድምፅ «እትዬ፣ ሜትሩን ቢቀበሉ ለእርስዎ ነው የሚሻለው» አለችኝ። ማስፈራራቷ ነው! ከዚያ ጠመኔ አወጣችና በሱቄ በር ላይ ትልቅ ኤክስ ጻፈች። ማስጠንቀቂያ ነው አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ስከፍትና ስዘጋው በኖርኩት በር ላይ!

የእጇን ታገኛለች። ይኸው ጻፍኩት። ጽሕፈቴ ተጣመመ፣ ብርዱ ጣቴን ይዞኛል።

ሐሙስ 6

ቸኩያለሁ። ዝናብ። ለየሱቁ እንደ አጭሬው ያለ ጫፍና ጫፉ ናስ የለበሰ አንድ አንድ ሜትር ታደለ፣ መሃሉ ላይ ማኅተም ተተኩሶበታል። የሚለካበት የለም። ጡሩምባ የቆርቆሮ ክዳኗን ደገፈችበት። መጋረጃ ሻጩ ቁልፉ ከሳጥን ሥር ገብቶበት ነበር፤ በሜትሩ ጎትቶ አወጣና «ለዚህስ ይጠቅማል» አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከልቤ ሳቅሁ።

በገበያው በር ግድግዳ ላይ ደግሞ የብረት ሜትር በሲሚንቶ ቀበሩ። ሜትሩን የተጠራጠረ ሰው መጥቶ ከሱ ጋር እንዲያስተያይ ነው አሉ። ሰዉ ጃንጥላ እየሰቀለበት ነው።

እና የእንጨቶቹን ሜትሮች ማን ሠራቸው? ታናሽ ወንድሜ፣ አናጺው! ዓይኔ ሥር ያደገው! ሄጄ ስጮህበት መላጊያውን እንኳ አላስቀመጠም። «እታለም፣ እኔ ሥራ ተሰጠኝ ሠራሁ። እንጨት እንጨት ነው።»

ዓርብ 7

አጭሬ ዛሬም መጣች። እጄን እጄን ታያለች። ምን አለው እጄ?

ሰኞ 10

የረድፉ ሰው ሁሉ በእኔ ሱቅ ተሰበሰበ፤ መቀመጫ አልበቃ ብሎ በጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀመጡ። እኔ ጀመርኩ። «ሜትር የማን ክንድ ነው?» አልኳቸው። «ባለቤቱን የሚያውቅ አለ? ጤነኛ ይሁን በሽተኛ፣ ሐቀኛ ይሁን ሌባ ማን አየው? የእኔን ክንድ ግን ሃያ ሁለት ዓመት በዓይናችሁ አይታችሁታል። አንድ ቀን ጎድሎ ያውቃል?»

«አያውቅም!» አሉ በአንድ ድምፅ። እሰይ!

ተስማማን። ሁሉም በክንድ ይሸጣል። አንዱ ሱቅ ከታሸገ ሁሉም ይዘጋል። ጡሩምባ «ሜትርና ባለሜትሮቹ አፍንጫቸውን ይላሱ!» ብላ ስትጮህ ሹሙ ቢሮው ውስጥ ሆኖ ሳይሰማት አልቀረም።

ሲወጡ መጋረጃ ሻጩ ለጡሩምባ ሹክ ሲላት ሰማሁት። «እኔስ ከሜትሩ ጋር ብዙም ጠብ የለኝም። ግን እሷን ማን ይቃወማታል?» ስሙን እዚህ ገጽ ላይ አላሰፍርም እንጂ አልረሳሁትም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ስብሰባው ላይ ረድፉን ሳስብ አልነበረም። የአጭሬን ፊት ነበር የማስበው፤ የሚያዋርዳት ነገር ሳገኝ ምን እንደሚመስል።

ቅዳሜ 15

መንገዱን ተሻግሮ ያለው ልብስ ሰፊ ሌባ ነው። ለአንዲት ደንበኛዬ «ከሷ የምትገዢ ከሆነ አንድ ክንድ ጨምረሽ ግዢ፣ አለዚያ እጅጌው አይደርስም» ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ። ሮጬ ሄጄ አነቅሁት ማለት ይቻላል። «ቁራጩን አንተ እየሰረቅህ በእኔ ታሳብባለህ?» አልኩት። መርፌውን ጃኬቱ ላይ ሰካና «እትዬ፣ ስንት ዓመት ጎረቤት ነን፣ ዝም ብዬ ስሰፋ ነው የኖርኩት። ግን ያው ነው፣ ያጥራል» አለኝ።

ያጥራል! ልብስ ሰፊ ሁሉ ይሰርቃል፣ የታወቀ ነው። ግን ከዚህ በፊትም ሦስት ሰው እንዲሁ ብሎኛል። ሦስቱም የሱ ደንበኞች ይሆናሉ።

ከሰዓት በኋላ መቀስ ከእጄ ወድቆ ጣውላው ላይ ተሰካ። ለጥቂት እግሬን ሳተኝ። ብርዱ ዘንድሮ ጠንክሯል። ጠዋት ጠዋት እጄን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ካልነከርኩ ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አልችልም።

ረቡዕ 19

አጭሬ ትንሽ ቆርቆሮ በወረቀት ጠቅልላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ስከፍተው ቅባት። «ለመገጣጠሚያ» ይላል። ጉቦ! ልትገዛኝ! አልጣልኩትም፤ ማስረጃ ይሆነኛል።

እሑድ 23

ሱቁን ሳጸዳ ዋልኩ። ከመደርደሪያው ጀርባ ምስማር ላይ አንድ ሲባጎ ተንጠልጥሎ አገኘሁ፣ ሁለቱም ጫፉ ተቋጥሯል። የአጭሬ ነው። ክንዷ ስለማይበቃ በሱ ትለካ ነበር፤ የዚያን ቀንም «እትዬ፣ ሲባጎው ልክ ነው፣ ይዩት» እያለች ፊቴ ላይ ይዛው ነበር። አላየሁትም። ለምን አያለሁ? ክንዴ እያለ!

ዛሬ በክንዴ አስተያየሁት። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ አንዱን ቋጠሮ ከክርኔ ሥር ያዝኩት፤ ሌላው ቋጠሮ ከጣቴ ጫፍ ሁለት ጣት ያህል አልፎ ሄደ።

ሲባጎ ይለጠጣል። ስምንት ዓመት ተንጠልጥሎ ለምን አይለጠጥ? ጉድ እኮ ነው፣ እንዲህ ባለ ነገር ጨርቄን ስታድል ኖረች።

ሦስት ጊዜ ለካሁት። ከዚያ ኪሴ ከተትኩት።

ሐሙስ 27

ዛሬ አጭሬ የጡሩምባን ሱቅ አሸገች። በክንድ ስትሸጥ እጅ ከፍንጅ ይዛት ነው። ጡሩምባ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አጥታ በሩ ላይ ቆመች። በቃላችን መሠረት ሁላችንም ዘጋን። አጭሬ በተዘጋው ረድፍ መሃል ብቻዋን ሜትሯን ይዛ ስትሄድ አየኋትና አሳቡ ያኔ መጣልኝ። የምትመካው በዚያ እንጨት ነው። በዚያው ትውደቅ!

ለእኔ የታደለኝን ሜትር ይዤ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ።

«ይህን ከሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ጣት ቁረጥና ናሱን መልሰህ አልብሰው።»

እንጨቱን አየ፣ እኔን አየ። «ለምንሽ ነው?»

«ቁረጥ አልኩህ።»

«እታለም፣ ማኅተም አለበት እኮ። ይሄ ነገር ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ነው የሚያርፈው።»

«አንተን ማን ይነካሃል? እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ ለዚህች ለዚህች ነበር?»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። እንደዚያ ስለው ሁልጊዜ ዝም እንደሚል አውቃለሁ፣ ለዚህም ነው ያልኩት። መጋዙን አነሳ። ናሱ ቁርጡን ሸፈነው፤ ከሩቅ ቀርቶ ከቅርብም አይለይም። ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየኝም።

ምን ላድርግ? ሰው ደሙ ሲፈላ ቃል ይመርጣል?

ሰኞ 1

አዲስ ወር። ረድፉ ዝግ ነው። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። «እስከ መቼ?» ይላሉ። ትንሽ ታገሡኝ።

ሐሙስ 4

መጋረጃ ሻጩ ዛሬ ሊከፍት ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ከለከልኩት። «ቤቴ ልጆች አሉኝ እትዬ፤ የእርስዎ እልህ አይበላም» አለኝ። የአጭሬን ቅባት ዛሬ ሞከርኩት፤ ማስረጃው እንዳይበላሽ ትንሽ ብቻ። ይሠራል፣ ክፉ ነገር ነው።

ቅዳሜ 13

ተሳካልኝ!

ሰኞ በገበያው በር ትልቅ ስብሰባ አለ፤ ሹሙ አዋጁን ሊያጸና ነው። አጭሬ ዛሬ ከሱቅ ሱቅ እየዞረች ጥሪ ታደርስ ነበር። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ውስጥ ነበርኩ፤ ስትደርስ በትሕትና አስገባኋት። ገረማት። «ተቀመጪ፣ ዝናብ ነው» አልኳት። ሜትሯን በሩ ጥግ አስደግፋ ተቀመጠች።

ሱቁን ዙሪያውን አየችው። «መደርደሪያው ያው ነው» አለች።

«ያው ነው።»

«ምስማሩም አለ?»

ኪሴን በእጄ ያዝኩ። «የምን ምስማር?»

«ምንም» አለች። ዓይኗ እጄ ላይ ነው። «እትዬ፣ ሰኞ ዕለት እባክዎ ሰው ፊት በክንድ አይለኩ። ለእኔ ብለው ሳይሆን ለራስዎ።»

አሁንም ታስፈራራኛለች! አንጀቴ ትንሽ ሊራራላት ሲል ራሷ አዳነችኝ። «ልብስሽ ረጥቧል፣ ፎጣ ከጓዳ አምጪ» አልኳት። ገብታ እስክትወጣ ለወጥኩት። የእሷ ሜትር አሁን ፍራሼ ሥር ነው፣ ሁለት ጣት የጎደለው እሷ ዘንድ ነው። ስትወጣ «አመሰግናለሁ እትዬ» አለችኝ። ፎጣውን አጥፋ ነው ያስቀመጠችው፣ ድሮ እንዳስተማርኳት።

ይህን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም።

ሰኞ 15

ሁሉን በየተራው ልጻፈው።

ገበያው በር ላይ ሰው እንደ ንብ ሰፍሯል። ሹሙ ንግግሩን ሳይጨርስ እጄን አወጣሁ። «ጌታዬ ሹም፣ እኛ በክንድ ስንለካ አጭበርባሪ ተባልን። እሺ ይሁን። የተቆጣጣሪዋ ሜትር ራሱ ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን? ብረቱ ይኸው ግድግዳው ላይ ነው። ታስተያየው!»

ሰዉ «ታስተያየው! ታስተያየው!» አለ። አጭሬ ቅር እንኳ አላላትም። ቀጥ ብላ ሄዳ እንጨቱን ብረቱ ላይ ጋደም አደረገችው።

ሁለት ጣት ክፍተት። ከሩቅ ይታያል።

እንጨቱን አዟዟረችው። እንደገና አስተያየች። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ፤ በሰው ሁሉ መሃል እኔን ብቻ። አወቀች። እንዳወቀች አወቅሁ። ግን አፏን አልከፈተችም፣ ምን ማስረጃ አላት? «ሌባ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። «ሌባ! ሌባ!» ተቀባበሉት። ያን ቃል በሕይወቷ ሁለተኛ ጊዜ ሰማችው። አንጀቴ ራሰ። እውነቱን ልጻፍ፣ ራሰ! ስምንት ዓመት ሙሉ ያባረርኳት ሳልሆን የተባረርኩ ይመስል ስቃጠል ኖሬ፣ ያን ጊዜ ራሰ።

ሹሙ መታወቂያዋን ከአንገቷ ላይ አወለቀ። «ጉዳዩ እስኪጣራ ታግደሻል። ሠሪውም ይጠየቃል!» ወንድሜ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ እሱ ላለማየት ዞርኩ።

አዋጁ ላልተወሰነ ጊዜ ተራዘመ። እልልታው፣ ፉጨቱ! ጡሩምባ «ወደ ድንጋዩ! የረድፉ ክንድ ይለካ!» ብላ አናወጠችው። ሰዉ ተሸከመኝ ማለት ይቻላል። ጥቅሎቿን ገፍተው ጣሏቸው፤ ድንጋዩ ወጣ። ሁለቱ ጭረቶች። ስንት ዓመት አላየኋቸውም!

ክርኔን የመጀመሪያው ጭረት ላይ አኖርኩ። እጄን ዘረጋሁ።

አልደረሰም።

ጣቶቼን ለማቃናት ገፋሁ። እምቢ አሉኝ። ጎብጠው ቀሩ። ከመሃል ጣቴ ጫፍ እስከ ጭረቱ ሁለት ጣት። ክርኔን ላንሸራትት አሰብኩ፣ እነዚያ ሁሉ ዓይኖች! ጡሩምባ ለማየት ልትጎነበስ ነው። አለቀልኝ አልኩ።

ያኔ አንድ እጅ እጄ ላይ አረፈ። አጭር ክንድ። ዘበኞቹ በረድፉ በኩል ሲያስወጧት ነው የደረሰችው። መዳፏ ጣቶቼንም ጭረቱንም ሸፈነ። «ሰው አይገፋፋ!» አለች፤ ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ልክ ነው! አይቼዋለሁ፣ አልጎደለም!»

ሰዉ ጮኸ፣ አጨበጨበ። እሷ እንኳ መሰከረች አሉ! እጇን አላነሳችም። ጆሮዬ ሥር ሆና «ያኔም ጣትዎ መታጠፍ ጀምሮ ነበር እትዬ። ሲባጎውን የለካሁት ከዚህ ድንጋይ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ከዘበኞቹ ጋር ሄደች።

ማክሰኞ 16

ሱቅ አልከፈትኩም። ደንበኛ ያንኳኳል። «የረድፉ ክንድ!» ብለው ይጠሩኛል።

ማን ለመናት? ማን ሸፍኚልኝ አላት? በሰው ፊት ብታዋርደኝ ኖሮ እኩል እንሆን ነበር። ጥላኝ በሄደች፣ እጄን ከፍ አድርጋ ለሰው ባሳየች! እኔ ብሆን አሳይ ነበር። ይህንንም አልረሳላትም። ካደረገችብኝ ሁሉ ይህ የከፋው ነው።

ዓርብ 19

ጠዋት ሰው ሳይመጣ ሲባጎውን ይዤ ወደ ድንጋዩ ሄድኩ። ቋጠሮው ከጭረት እስከ ጭረት ልክክ አለ። ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ብዬ ሦስት ጊዜ አስተያየሁት። አልተለጠጠም።

እንግዲህ ልብስ ሰፊውም ሌባ አልነበረም። ያጠሩት እጅጌዎች ሁሉ... ስንት ሰው ነው? ስምንት ዓመት!

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ መጣ። ሰኞ ዕለት ሹሙ ዘንድ ተጠርቷል። ጥፋተኛ ከተባለ መሥሪያ ቤቱን ይዘጉበታል። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«ስምሽን አልጠራም እታለም። አትስጊ።»

«ለምን አትጠራም?»

«አዝለሽ አሳድገሽኛል» አለ። አላሾፈም። ከልቡ ነው።

እሷ ደግሞ የምትኖረው እናቷ ዘንድ እንደሆነ ጡሩምባ ነገረችኝ፤ በደመወዟ የምታስታምማት እሷ ናት አሉ። ጡሩምባ ይህን ያለችው አንጀቴን ልታርስልኝ ብላ ነው። ገፍቼ አስወጣኋትና በሩን ዘጋሁባት።

ሰኞ 22

ወንድሜ ከመግባቱ በፊት ደረስኩ። ሹሙ ጠረጴዛ ላይ የአጭሬን እውነተኛ ሜትር ጣልኩለት። «ያንን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። የለወጥኩትም እኔ ነኝ። ወንድሜ አላስችለው ብሎት እህቱን ታዘዘ እንጂ ሌላ ጥፋት የለበትም።»

ሹሙ መነጽሩን አወለቀ። «ለምን?» አለኝ።

ለምን! ለዚህ መልስ ሃያ ገጽ ጽፌ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። «እሷን አስጠራልኝና ድንጋዩ ጋ እንገናኝ» አልኩት።

ረድፉ በሙሉ ወጣ። ጡሩምባ ጥቅሎቿን መልሳ ከምራበት ነበር፤ ራሴ ገፋኋቸው። አጭሬ መጣች፣ ደረቷ ባዶ ነው። ሹሙ ሜትሩን ሰጣት። ክርኔን ጭረቱ ላይ አኖርኩ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ እንደጎበጠ።

«ለኪ።»

«እትዬ፣ ይቅር።»

«ለኪ አልኩሽ! ደግሞ እጅሽን ከላዩ አንሺ።»

ለካች። ጡሩምባ ተጎንብሳ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልብስ ሰፊው መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ ከኋላ ቆሟል።

«ስንት ነው?» አልኩ።

«አርባ ስድስት» አለች በሹክሹክታ።

«ጭረቱስ?»

«ሃምሳ።»

ወደ ረድፉ ዞርኩ። «ሌባ ያልኳት እሷ ስትለካ ልክ ነበረች። የጎደልኩት እኔ ነኝ። ከእኔ የገዛ፣ እጅጌ ያጠረው ሁሉ ይምጣ፤ ሱቄ እስኪከፈት ጠብቆ የጎደለውን ይውሰድ።» ሱቄ ለሁለት ወር ታሽጓል፤ ሹሙ ቀደም ብሎ ይህን ቅጣት ሲያነብ ማንም አልተቃወመ፣ እኔም አልተቃወምኩ። ወንድሜ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

መታወቂያዋን አጠለቁላት። ደብተሯን አወጣችና ቁጥሩን ጻፈች፣ ልትዘጋው ስትል ያዝኳት። አጭሬ አላልኳትም። በስሟ ጠራኋት፣ ስምንት ዓመት ያልጠራሁትን ስም።

«አንብቢው» አልኳት።

አነበበች፤ አልተሰማም።

«ጮክ በይ! ያኔ እኔ እንደጮህኩት!»

ድምፅዋን ለቀቀችው፤ ስሜን፣ አርባ ስድስቱን፣ ሃምሳውን፣ ሁሉንም። የረድፉ መጨረሻ ድረስ ተሰማ።